2147483647፦ ብቸኛነቱ በምን ይረጋገጣል፣ ለምን ሥራስ ይሆናል?

ጥያቄ፦ «2147483647 ብቸኛ ቁጥር እንደሆነ አነበብኩ። ትልቁ ባለ 32 ቢት ኢንቲጀር እንዲሆን የተመረጠው ብቸኛ ስለሆነ ነው? ለማረጋገጥ ብዬ የፈርማን ፈተና በ2 ሠራሁና ቀሪው 1 ወጣልኝ፤ ይህ በቂ ማስረጃ ነው? አንድ ጓደኛዬ ደግሞ 31 ብቸኛ ስለሆነ 2³¹ − 1 ብቸኛ መሆኑ አይቀርም ይላል። በምሠራው ፕሮግራም ላይ የተጠቃሚዎችን ይለፍ ቃል ለመጠበቅና ብዙ መዝገቦችን በሃሽ (ጽሑፍን ወደ አጭር መለያ ቁጥር በሚቀይር ስሌት) ለመለየት በዚህ ቁጥር ልጠቀም አስቤያለሁ። ያዋጣል?»

ቁጥሩ ብቸኛ ነው፣ ማለትም ከ1ና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው የለም፤ በዚህ ላይ ክርክር የለም። የተቀረው ግን፣ ከኢንቲጀሩ ወሰን እስከ ይለፍ ቃሉ፣ እርማት ይፈልጋል።

ባለ 32 ቢት ኢንቲጀር (ሙሉ ቁጥር) አንዱን ቢት ለምልክት፣ ማለትም አዎንታዊ ወይም አሉታዊ መሆኑን ለማሳየት፣ ይይዛል። የቀሩት 31 ቢቶች በሙሉ 1 ሲሆኑ የሚገኘው ቁጥር 2³¹ − 1 ነው፤ ወሰኑን የሚወስነው የቢቱ ብዛት ብቻ ነው። በ8 ቢት ወሰኑ 127 ሲሆን ብቸኛ ነው። በ16 ቢት ግን 32767 ነው፤ ይህም 7 × 31 × 151 ነው። በ64 ቢት 9223372036854775807 ላይ እንደርሳለን፤ እሱም ያለ ቀሪ ለ7 ይካፈላል። በ32 ቢት ላይ ወሰኑና ብቸኛነቱ መግጠማቸው አጋጣሚ ነው። ለፕሮግራም ጸሐፊዎች እጅግ የተመቸ አጋጣሚ ስለሆነ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ጓደኛዎ እውነቱን ገልብጦ ይዞታል። 2^ቀ − 1 ብቸኛ ከሆነ አርቢው ቀ የግድ ብቸኛ መሆን አለበት። አርቢው የሁለት ቁጥሮች ብዜት ከሆነ ውጤቱም ይተነተናል፤ 63 ለ3 ስለሚካፈል 2⁶³ − 1 ለ2³ − 1፣ ማለትም ለ7፣ ይካፈላል። ከላይ ያየነው የ64 ቢቱ ወሰን ብቸኛ ሳይሆን የቀረው በዚህ ምክንያት ነው። ተቃራኒው ግን አይሠራም። 11 ብቸኛ ነው፤ 2¹¹ − 1 ግን 2047 ነው፣ እሱም 23 × 89 ነው። 2^ቀ − 1 የሆኑት ቁጥሮች የመርሴን ቁጥሮች ይባላሉ፤ ስማቸውን ያገኙበት ማሪን መርሴን ራሱ እ.ኤ.አ. በ1644 እስከ 257 ካሉት አርቢዎች ብቸኛ ቁጥር የሚሰጡት 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 13፣ 17፣ 19፣ 31፣ 67፣ 127 እና 257 ናቸው ብሎ ነበር። 67 እና 257 አይሰጡም፤ የሚሰጡት 61፣ 89 እና 107 ደግሞ ከዝርዝሩ ቀርተዋል። ስለዚህ አርቢው ብቸኛ መሆኑ ለመፈተን ፈቃድ ይሰጣል እንጂ ፈተናውን አያሳልፍም።

የ67 ጉዳይ ትንሽ ቆም ያሰኛል። ኤዱዋር ሉካ እ.ኤ.አ. በ1876 2⁶⁷ − 1 ብቸኛ አለመሆኑን አንድም አካፋይ ሳያሳይ አረጋገጠ። አካፋዮቹን ፍራንክ ኔልሰን ኮል ይዞ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1903 ነው፤ 193707721 × 761838257287። አንድ ቁጥር ይተነተናል ብሎ ማረጋገጥና አካፋዮቹን ማግኘት በጣም የተራራቀ ድካም ይጠይቃሉ። የመጀመሪያው ለትልልቅ ቁጥሮችም ቢሆን ቀላል ነው፤ ለሁለተኛው ግን ፈጣን መንገድ በታወቁት ኮምፒውተሮች ላይ እስካሁን አልተገኘም። አርኤስኤ የተባለው የምስጠራ ዘዴ በሙሉ የቆመው በዚህ ክፍተት ላይ ነው።

አሁን ወደ ሠሩት ፈተና። የፈርማ ሕግ የሚለው፣ ነ ብቸኛ ከሆነ፣ ለነ የማይካፈልን ማንኛውንም ቁጥር በነ − 1 አርቢ ከፍ አድርገን ለነ ስናካፍል ቀሪው 1 ነው። ቀሪው ከ1 ሌላ ከሆነ ነ ብቸኛ አይደለም፤ 1 ከሆነ ግን ገና ምንም አልተረጋገጠም። በመርሴን ቁጥሮች ላይ ደግሞ 2ን መምረጥ ከሁሉም የከፋው ምርጫ ነው፤ ፈተናው አስቀድሞ መልሱን ያውቀዋልና። 2¹¹ ለ2047 ሲካፈል ቀሪው 1 ነው፣ 2047 ራሱ 2¹¹ − 1 ስለሆነ። 2046 ደግሞ የ11 ብዜት ነው፤ 2²⁰⁴⁶ም ቀሪው 1 ይሆናል። ስለዚህ 2047 23 × 89 ሆኖ ሳለ ፈተናውን ያለ ችግር ያልፋል። ጠበቅ ያለው የሚለር-ራቢን ፈተና እንኳን በ2 ብቻ ከተሠራ 2047ን ያሳልፈዋል፤ እንዲያውም በዚህ መንገድ የሚያታልለው ትንሹ ቁጥር እሱ ነው። አርቢው ብቸኛ የሆነ ማንኛውም የመርሴን ቁጥር፣ ብቸኛ ሆነም አልሆነም፣ እርስዎ የሠሩትን ፈተና ያልፋል። በ2 ፋንታ 3ን ቢወስዱ 2047 ወዲያው ይጋለጣል።

ታዲያ ትክክለኛው ማረጋገጫ የትኛው ነው? ከአንድ በላይ አለ፤ እኔ የምወደው ከሁሉም የቆየውን ነው። የቁጥሩ ስኩዌር ሩት ከ46340 ትንሽ ያልፋል፤ ስለዚህ እስከዚያ ያሉትን 4792 ብቸኛ ቁጥሮች አንድ በአንድ አካፍሎ መሞከር ይቻላል። ለኮምፒውተር ይህ ከቁጥር የሚገባ ሥራ አይደለም፤ በእጅ ለሚሠራ ግን አድካሚ ነው። ሌናርድ ኦይለር ድካሙን ያሳጠረው እንዲህ ነው። ቸ የ2³¹ − 1 ብቸኛ አካፋይ ነው እንበል። ያኔ 2³¹ ለቸ ሲካፈል ቀሪው 1 ነው። 31 ብቸኛ ስለሆነ ከ31 ባነሰ አርቢ ቀሪው 1 ሊሆን አይችልም፤ ከዚህና ከፈርማ ሕግ ተነስተን 31 የግድ ቸ − 1ን ያካፍላል እንላለን። ቸ ጎደሎ ቁጥር ስለሆነ ቸ − 1 የ62 ብዜት ነው። ሌላም አለ፦ 2³² ለቸ ሲካፈል ቀሪው 2 ይሆናል፣ 2³² ደግሞ የ2¹⁶ ስኩዌር ነው። ስለዚህ ለቸ በማካፈል በሚገኙት ቀሪዎች ዓለም 2 ስኩዌር ሩት አለው፤ ይህ የሚሆነው ቸ ለ8 ሲካፈል ቀሪው 1 ወይም 7 ሲሆን ብቻ ነው። ሁለቱ ቅድመ ሁኔታዎች ሲጣመሩ፣ ቸ ለ248 ተካፍሎ ቀሪው 1 ወይም 63 መሆን አለበት።

ወንፊቱ ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ ለማየት ከታች ጀምረው ይቁጠሩ። 63፣ 249፣ 311፣ 497፣ 559፣ 745፣ 807፣ 993፣ 1055፣ 1241፣ 1303። ከእነዚህ ውስጥ ብቸኛ የሆኑት 311 እና 1303 ብቻ ናቸው። እስከ 1300 ድረስ መሞከር ያለብን አንድ ቁጥር ብቻ ነው ማለት ነው! እስከ 46340 ሲኬድም የሚቀሩት ብቸኛ ቁጥሮች ከመቶ ያነሱ ናቸው። አንዳቸውም አያካፍሉትም። ኦይለር ውጤቱን ያሳወቀው እ.ኤ.አ. በ1772 ሲሆን፣ ቁጥሩ በዘመኑ ከታወቁት ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ ትልቁ ነበር።

ሁለተኛው መንገድ ሉካ የጀመረውና ዴሪክ ሌመር ያጠራው ፈተና ነው፤ የሚሠራው ለመርሴን ቁጥሮች ብቻ ነው። ከ4 ይነሳሉ፤ ስኩዌር ያደርጉታል፤ 2 ይቀንሳሉ፤ ለመርሴን ቁጥሩ አካፍለው ቀሪውን ይይዛሉ፤ ይህን ከአርቢው በ2 ባነሰ ቁጥር ይደጋግማሉ። በመጨረሻ 0 ከወጣ ብቸኛ ነው፤ ካልወጣ አይደለም። ለ127 አርቢው 7 ስለሆነ አምስት ዙር ይበቃል፦ ከ4 ወደ 14፣ ከ14 ወደ 194፣ እሱም ለ127 ተካፍሎ 67፤ ከዚያ 42፣ ከዚያ 111፣ በመጨረሻ 0። በወረቀት ይሞክሩት፤ ከአምስት ደቂቃ በላይ አይወስድም። ለ2147483647 የሚያስፈልገው 29 ዙር ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 ይፋ የሆነው 2¹³⁶²⁷⁹⁸⁴¹ − 1፣ 41,024,320 አሃዞች ያሉት ቁጥር፣ የተረጋገጠው በዚሁ ፈተና ነው፤ ልዩነቱ ዙሩ ከ136 ሚሊዮን በላይ መሆኑ ነው።

ለተራ ኮድ ግን ከእነዚህ አንዱንም መጻፍ አያስፈልግዎትም። የሚለር-ራቢንን ፈተና በ2፣ በ3፣ በ5 እና በ7 ይሥሩ፤ ከ3,215,031,751 በታች ላለ ማንኛውም ቁጥር አራቱ አብረው ምንም ጥርጣሬ የማይተው መልስ ይሰጣሉ።

ስለ «ትልቅነቱ» አንድ ነገር ልበል። 2147483647 በመጠኑ ብርቅ አይደለም። በተርታ ሲቆጠር 105,097,565ኛው ብቸኛ ቁጥር ነው፤ በአካባቢው በአማካይ ከ21 ወይም ከ22 ቁጥሮች አንዱ ብቸኛ ነው። ከሱ በፊት ያለው 2147483629፣ ከሱ ቀጥሎ ያለው 2147483659 ነው። በ2 ብቻ የሚርቀው መንታ የለውም፤ 2147483645 በ5 ያልቃል፣ 2147483649 ደግሞ ለ3 ይካፈላል። ብርቅ የሚያደርገው ቅርጹ ነው።

ቅርጹ የሚሰጠው ትልቁ ጥቅም ማካፈልን ማስቀረቱ ነው። 2³¹ ለቁጥሩ ሲካፈል ቀሪው 1 ስለሆነ፣ ማንኛውንም ትልቅ ቁጥር በሁለትዮሽ ጽፎ የታችኞቹን 31 ቢቶች ከላይኞቹ ጋር መደመር፣ ውጤቱ ገና ትልቅ ከሆነም መድገም ይበቃል። በ127 ላይ ብናየው፣ 67 × 67 = 4489 ነው፤ 4489 ደግሞ 35 ጊዜ 128 እና 9 ነው፤ 35 + 9 = 44። 2 ሲቀነስ ከላይ ያገኘነው 42 ይመጣል፤ ማካፈል የሚባል ነገር አልነካንም። ኮምፒውተር ላይ ይህ አንድ ሽግሽግና አንድ ድምር ነው። በቅርጹ ስኩዌር ሩትም ይቀላል። ቁጥሩ ለ4 ሲካፈል ቀሪው 3 ነው፣ 1 ሲጨመርበትና ለ4 ሲካፈል ደግሞ 2²⁹ ይሆናል፤ ስለዚህ የአንድን ቀሪ ስኩዌር ሩት ለማግኘት ያንኑ ቀሪ 29 ጊዜ በተከታታይ ስኩዌር ማድረግ ብቻ ነው። ዜሮ ካልሆኑት ቀሪዎች ሩት ያላቸው ግማሾቹ ናቸው፤ ስለዚህ ውጤቱን መልሰው ስኩዌር አድርገው ያመሳክሩ።

ሌላው ቅርጹ ያመጣው ነገር ከሱ 1 ሲቀነስ የሚገኘው ቁጥር ነው። 2147483646 ሁለት ጊዜ 2³⁰ − 1 ነው፤ 2³⁰ − 1 ደግሞ 32767 × 32769 ነው። 32767 ከላይ እንዳየነው 7 × 31 × 151 ነው፣ 32769 ደግሞ 3 × 3 × 11 × 331። ሁሉም አካፋዮች ጥቃቅን ናቸው። ይህ ለአንዳንድ ሥራ በረከት፣ ለሌላው መርዝ ነው። በረከቱ እንዲህ ነው፦ 7ን ደጋግመን ስናባዛና ለ2147483647 እያካፈልን ቀሪውን ስንይዝ፣ ከ1 እስከ 2147483646 ያሉትን ቁጥሮች አንድም ሳንዘልና ሳንደግም እናዳርሳለን። 5 ከላይ ከዘረዘርናቸው አካፋዮች ውስጥ ስለሌለ የ7 አምስተኛ ርቢ፣ 16807ም፣ ያንኑ ያደርጋል። ፓርክና ሚለር እ.ኤ.አ. በ1988 ለዘፈቀደ ቁጥር ማመንጫ ዝቅተኛ መመዘኛ ይሁን ብለው ያቀረቡት ይህንኑ ነበር። ለጨዋታና ለቀላል ሲሙሌሽን ዛሬም ያገለግላል። ለምስጢር ግን አይነካም፤ አንድ ውጤት ያየ ሰው በ16807 አባዝቶ ቀጣዩን ያውቀዋል፣ የቀጣዩንም ቀጣይ።

ወደ መርዙ ስንመጣ የይለፍ ቃሉን ጉዳይ እንዘጋዋለን። በዚህ ቁጥር ላይ የሚመሠረት ምስጠራ ሦስት ጊዜ የተሰበረ ነው። መጀመሪያ፣ 31 ቢት ብቻ ነው፤ አማራጮቹን በሙሉ መሞከር ለተራ ላፕቶፕ የደቂቃዎች ሥራ ነው፣ ብዙ ጊዜም ከዚያ በታች። ሁለተኛ፣ ከሌላ ትልቅ ብቸኛ ቁጥር ጋር አባዝተው የአርኤስኤ ቁልፍ ቢያደርጉት አጥቂው መጀመሪያ የሚሞክረው አካፋይ ይህ ነው፤ ዓለም ሁሉ ያውቀዋልና። በዚሁ ምክንያት 41 ሚሊዮን አሃዝ ያለው ቁጥር እንኳን ለቁልፍነት አይረባም። ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያየው ነው። የአንድን ርቢ ቀሪ አይቶ አርቢውን ማግኘት ከባድ ነው በሚል እምነት የተሠሩ ዘዴዎች፣ ለምሳሌ ሁለት ሰዎች የጋራ ምስጢራዊ ቁልፍ የሚስማሙበት የዲፊ-ሄልማን ልውውጥ፣ ከብቸኛው ቁጥር 1 ሲቀነስ ቢያንስ አንድ በጣም ትልቅ ብቸኛ አካፋይ እንዲቀር ይፈልጋሉ። እዚህ ትልቁ አካፋይ 331 ነው። ፖሊግና ሄልማን እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተሙት መንገድ ጥያቄው ወደ ጥቃቅን ጥያቄዎች ይከፋፈላል፤ ከባዱ ጥያቄ 331 አማራጭ ብቻ ይኖረዋል። ይህንን ማስላት ለስልክ እንኳን ምንም አይደለም።

እንዲያውም ይለፍ ቃል ጨርሶ መመስጠር የለበትም። የተመሰጠረ ነገር ቁልፉን ያገኘ ሁሉ ይፈታዋል። ለዚሁ ተብሎ የተሠራ፣ ሆን ተብሎ ቀርፋፋ የተደረገ የአንድ አቅጣጫ ሃሽ ይጠቀሙ፤ አርጎን2 ቀዳሚ ምርጫዬ ነው፣ እሱ ከሌለ ቢክሪፕት። ሁለቱም ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ ሶልት የሚባል የተለየ የዘፈቀደ ጭማሪ ይጠቀማሉ። ራስዎ የፈጠሩትን ዘዴ፣ በየትኛውም ብቸኛ ቁጥር ቢሠራ፣ ወደ ሥራ አያስገቡ። የምስጠራ ቁልፍ በእርግጥ ካስፈለገዎት ደግሞ የታወቀ ላይብረሪ ያመንጭልዎ፤ ለ2048 ቢት አርኤስኤ ላይብረሪው እያንዳንዳቸው 300 አሃዝ ያለፉ ሁለት ብቸኛ ቁጥሮች በዘፈቀደ ይፈልጋል፤ ቁጥሮቹን ከዚያ በፊት ማንም አይቷቸው አያውቅም።

ለመዝገብ መለያ ሃሽ ግን ሐሳብዎ መጥፎ አይደለም፤ ቁጥሩ ብቻ ያንሳል። ወደ 55 ሺህ የሚጠጉ መዝገቦች ሲኖሩ ሁለቱ ተመሳሳይ ሃሽ የማግኘት ዕድላቸው ግማሽ ለግማሽ ይደርሳል። «ብዙ መዝገቦች» ካሉ ይህን ወሰን ማለፍዎ አይቀርም። በሱ ፋንታ 2⁶¹ − 1ን፣ ማለትም 2305843009213693951ን፣ ይውሰዱ። እሱም የመርሴን ብቸኛ ቁጥር ነው፤ የቢት ድምሩ ዘዴ እንዳለ ይሠራል፣ የመጋጨት ዕድሉም ለተራ ሥራ ከስጋት ውጭ ይሆናል። ብዜቱን ለመያዝ ግን 128 ቢት ያስፈልጋል። መዝገቦቹ ጥቂት ሺህ ብቻ ከሆኑና ሁለት ሃሽ ሲገጥም ዋናውን ጽሑፍ መልሰው የሚያነጻጽሩ ከሆነ 2147483647 ይበቃዎታል።

የትኛውንም ቢመርጡ፣ ሃሹ የመዝገቡን ፊደላት በቁጥር እየደመረ ድምሩን በየደረጃው የሚያባዛበትን ማባዣ 2 ወይም የ2 ርቢ አያድርጉት። በመርሴን ቁጥር ቀሪዎች ዓለም በ2 ማባዛት ማለት ቢቶቹን በአንድ ቦታ ማዞር ብቻ ነው፤ ከ31 ዙር በኋላ፣ በ2⁶¹ − 1 ከሆነ ደግሞ ከ61 ዙር በኋላ፣ ወደ ነበሩበት ይመለሳሉ፤ የሚፈልጉት መበታተን አይገኝም። ማባዣውን ፕሮግራሙ ሲነሳ በዘፈቀደ ይምረጡ፤ ቋሚ ከሆነ ኮድዎን ያነበበ ሰው ሆን ብሎ የሚጋጩ መዝገቦችን ሊያዘጋጅ ይችላል። በ2147483647 ከሠሩ ሁለት ቀሪዎች ሲደመሩ የ32 ቢቱን ወሰን ሊያልፉና፣ ከዚያም ያለ ማስጠንቀቂያ ወደ አሉታዊ ሊገለበጡ ስለሚችሉ፣ ከመጀመሪያው ባለ 64 ቢት ኢንቲጀር ይጠቀሙ። የላይኛውንና የታችኛውን ቢቶች ከደመሩ በኋላም ውጤቱ ከ2147483647 ጋር እኩል ወይም የበለጠ ከሆነ አንድ ጊዜ ይቀንሱለት፤ አለበለዚያ ያው አንድ ቀሪ አንዴ 0፣ አንዴ 2147483647 ሆኖ ይመዘገባል፣ ተመሳሳይ መዝገቦችም የተለያዩ መስለው ይቀመጣሉ።